ያለ ተሳቢ

ቢጫው የላስቲክ ጓንት ገመድ ላይ ከተሰጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የኬሞ ቀን ነው። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው አማች ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ በጠዋቱ ለአማቱ፣ ለሚስቱ አባት፣ ልብስ ብቻ የተለየችውን ሰማያዊ ሳፋ አለቅልቆ ቧንቧው ሥር ደፋት፣ ጓንቱን ውኃ ሞልቶ ቀዳዳ እንደሌለው አየና ሰጣው፣ ቀጥሎም የአማቱን ፍራሽ ከአንሶላው ሥር ላስቲክ ሊያለብስ ገባ። ይሄኔ ነው የጎረቤቲቱ ድምፅ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣው። የምታወራው ለሌላ ሴት ነው፤ የምታሰማው ግን ለእሱ ነው። የገዛ አማቱን እንዲህ የሚጸየፍ ሰው በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ፣ እንኳን ሰው ድመትም በጓንት እንደማይያዝ ተናገረች። ቆጣሪ አንባቢው ሰማ፣ ላስቲኩን ወጠረ። እሱ ድሮም ቃል ሲያወጣ ቆጣሪ የሚዞርበት ይመስል ቁጥብ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። የካንሰር መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀን በላብም፣ በሽንትም፣ በትውከትም እየሾለከ ይወጣል፤ ስለዚህ የታካሚውን ልብስ የሚያጥብ ሰው ጓንት ያድርግ፣ ልብሱ ከሌላው ጋር አይቀላቀል፣ መጸዳጃ ቤቱም ክዳኑ ተከድኖ ደጋግሞ ውኃ ይለቀቅበት ተብሏል። እርጉዝ ሴት ጭራሽ እንዳትነካው። የቤቱ እርጉዝ ደግሞ የታካሚው ልጅ ናት፤ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባበት ጊዜ ላይ ደርሳለች። ከአባቷ ጋር ብትቀመጥ፣ ብታቅፋቸው፣ አብራቸው ብትበላ ማንም አልከለከላትም፤ የተከለከለችው ሳፋውን ነው። ሳፋው ወደ ባሏ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለሰፈር ማስረዳት ቀላል ነበር፣ አባትየው ቀድመው ባያስረዱት። እሳቸው በመጀመሪያው ሰሞን በር ላይ ወጥተው ሽንታቸው ቀይ ሆኖ መምጣቱን አወሩ። ያ እንኳ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ቀይ ነው። ግን እዚያ ላይ መች ቆሙ። አንዲት ጠብታ ብትፈናጠር ብረት በር እንደምትበሳ፣ ሐኪሞቹ ለአማቻቸው ጓንት ያዘዙለትም ጣቶቹ ቀልጠው ሳፋው ውስጥ እንዳይቀሩ እንደሆነ ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሳቀና የፈለገውን አመነ።

ሰውየው ባለ ተሳቢው ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከባድ መኪና ላይ ነው፤ ስሙ ግን ከመኪናው ብቻ አልመጣም። ወሬ ሲያስነሡ ከኋላው ሌላ ጭነት ሳይቀጥሉ አይነዱም። ጎማ ፈነዳ ብለው ከጀመሩ፣ በፍንዳታው አንድ መንደር ሙሉ ልጁን ታቅፎ ሸሽቷል። ዝናብ ያዘን ካሉ፣ ዓሣ በመስኮት ገብቶ ከረዳቱ ጎን ተቀምጧል፣ መውረጃው ሲደርስም አመስግኖ ወርዷል። ብብታቸው ሥር የወጣችውን እብጠት ሐኪሙ እንቁላል ታክላለች ቢላቸው ቤት እስኪደርሱ ሐብሐብ አክላ ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዝም ያለ ቤት ያስፈራቸዋል፤ ዝምታ ሲያዩ እንደ ባዶ ጋን የሆነ ነገር ካልሞሉበት አያስችላቸውም።

የማይሞላላቸው ዝምታ አንድ ብቻ ነው፤ የአማቻቸው። እሱንም ያመጡት ራሳቸው ናቸው። በሠርጉ ቀን መርቁ ሲባሉ ማይክራፎኑን ጨብጠው፣ ይህ ልጅ ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ጫማ የምታህለው ውሻችን ብትጮህበት የውኃ ታንከር ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ፣ ያወረድነው በእሳት አደጋ መሰላል ነው አሉ። የሆነው፣ ሰውየው ውሻዋ እስክትታሰር በሩ ላይ ቆሞ መጠበቁ ነበር። እንግዳው በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራው ፈገግ አለ፣ ያቺን ፈገግታም ከሱፉ ጋር አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጣት። ዛሬም ቢሮ ሲገባ ከኋላው ሃው የሚልበት አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ለአማቱ "አቤት"፣ "እሺ" እና "ደርሰናል" ካልሆነ ሌላ ቃል የለውም። ይሁንና በየኬሞው ፈቃድ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ደግፎ የሚያወርዳቸው እሱ ነው፤ ሳፋው ላይ የሚጎነበሰውም እሱ። ባለ ተሳቢው ይህን ሲያስቡ አንድ ቃል ሊሉት ይነሣሉ። ምን እንደሆነ ስለማያውቁት በቀልድ ይውጡታል፣ ተመልሶ ይመጣል።

የዛሬውም መንገድ እንደዚያው አለቀ። ባለ ተሳቢው ታክሲው ውስጥ ስለ ሹፌሩ ፍሪሲዮን አረጋገጥ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በማግሥቱ በሌላ ከተማ ስለ መውጣታቸው አወሩ። ሹፌሩ በመስታወት እያያቸው ሳቀ። አማቻቸው የሆስፒታሉን ካርድ ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ እያየ፣ ከየአጥሩ ላይ ቆጣሪ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን አንከራተተ። ከዚያ "ደርሰናል" አለ።

የኬሞው ክፍል ረጅም ነው። በመስኮቱ የልብስ ማጠቢያው ጭስ ማውጫ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ የምግብ አሠራር ያስተምራል፣ ተማሪዎቹ የምግብ ሽታ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች መሆናቸውን የነገረው የለም። ወንበሮቹ ወደ ኋላ የሚለጠጡ፣ ክንዳቸው ሰፊ፣ ቆዳቸው በበጋ የሚጣበቅ፣ በክረምት የሚያንቀጠቅጥ ነው። መሀል ላይ ያለው የባለ ተሳቢው ነው። ማንም ባይጽፍበትም ይጠበቅላቸዋል፣ ከዚያ ሆነው ሲያወሩ ለሁለቱም ጥግ ይዳረሳላ። አጠገባቸው ፀጉሯ ካለቀ ወዲህ በየቀጠሮው ሌላ ሻሽ ከሱቋ እያወጣች የምታስር፣ ሳቋ ኮሪደር የሚሻገር ጨርቅ ነጋዴ ትቀመጣለች። ገና ሳይቀመጡ ዛሬ ወዴት ነው የምንሄደው አለቻቸው። ቁልቁለት ነው፣ ቀበቶሽን እሰሪ አሏት። አማቻቸው የአስታማሚ በርጩማውን ስቦ ከቀኛቸው ተቀመጠ።

ሲስተሯ መጣች። ረጅም እጅጌ ያለው ሽርጥ ለብሳ፣ ጓንት በጓንት ደርባ፣ ማስክና መነጽር አድርጋ ስትመጣ ባለ ተሳቢው ሁልጊዜ ማሩስ ይሏታል፤ ንብ አናቢ ትመስላቸዋለች። ማሩ ቀይ ነው ትላቸዋለች። ስምዎን ይንገሩኝ ስትል ግን ጨዋታ የለም። በመጀመሪያው ዙር ለቀልድ ብለው የሰፈራቸውን ጫማ ሰፊ ስም ሰጥተዋት ነበር። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ከረጢቱን እንደታሸገ ወደ መድኃኒት መቀመሚያው መለሰችው። ነገሩ ሁሉ ከሥሩ እስኪጣራ ባለ ተሳቢው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ቴሌቪዥኑ ላይ ሽንኩርት ሲጠበስ አዩ፣ ሲያርር አዩ፣ እንደገና ሲጠበስም አዩ። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጠርተው የልደት ቀናቸውን ሳይጠየቁ ይመርቃሉ። ሌላ ነርስ መጥታ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ካልገጠመ ምንም አይንጠለጠልም።

የማትስቅበት ሌላም ነገር አላት፤ የሕመም ጥያቄ። ከአሥር ስንት ያምዎታል ትላለች። ባለ ተሳቢው ከአሥር በታች መልስ ሰጥተው አያውቁም። መርፌው ሲገባ ዘጠና፣ ፕላስተር ሲነሣ ሁለት መቶ፣ አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይሆኑ ሺህ ብለው ጮኹ። እሷ ከክፍሉ ጫፍ ሽርጧ እየተውለበለበ ሮጣ መጣች፣ ክንዳቸውን አገላብጣ አየች፣ ሰላም ነው። ክፍሉ ተንከተከተ። እሷ ተንበርክካ እንዳለች ቀና ብላ፣ "አባባ፣ በጠሩኝ ቁጥር እመጣለሁ፤ የምፈራው አንድ ቀን እግሬ ለምዶ እንዳይዘገይ ነው" አለቻቸው። እሳቸው ያንን ቤት ወስደው ተሳቢ ቀጠሉበት፤ በሩጫዋ ነፋስ የታካሚው ሁሉ ሻሽ በነነ ብለው አወሩ። ቃሏ ግን ውስጣቸው ቀርቷል።

ዛሬ የግራ እጃቸው ደም ሥር አልገኝ ብሎ ከደነደነ በኋላ ቀኙ ተመረጠ። ቀኙ መሪ የሚይዘው፣ ካምቢዮ የሚለውጠው፣ ወሬ የሚያወራውም እሱ ነው። ሲስተሯ መርፌውን ክንዳቸው ላይ አስገብታ፣ ደሙ ሲመለስ አይታ፣ በንጹሕ ጨዋማ ውኃ አጥባ፣ ከዚያ ቀዩን ከረጢት አንጠለጠለች። ሁልጊዜ የምትለውን ዛሬም አስረግጣ አለችላቸው። ይህ መድኃኒት ደም ሥር ውስጥ እስካለ መድኃኒት ነው፤ ከሥሩ ውጭ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ያቃጥላል፣ ሥጋ ይበላል፣ እጅ ያበላሻል። ጥቂት ቢያቃጥል፣ ቢቆጠቁጥ፣ ቢያብጥ ወዲያው ይንገሩኝ፤ እስኪብስ አይጠብቁ። እጁን አያንቀሳቅሱት። "ሲነዱም" አለች ስትሄድ፣ "በአንድ እጅ ይንዱልኝ።" ባለ ተሳቢው ቀኝ እጃቸውን የወንበሩ ክንድ ላይ እንደ እንግዳ አስቀምጠው በግራቸው የወሬያቸውን ሞተር አስነሡ።

ጭነቱ እንቁላል ነበር፤ መኪናውም ተሳቢውም እስከ አፉ እንቁላል። ተራራው አናት ላይ ፍሬኑ ተበጠሰ። ረዳቱ በመስኮት ዘሎ ዛፍ ላይ ቀረ፣ አሁንም እዚያው ነው፣ ቤተሰብ መሥርቷል። የፊት መስታወቱ ፈነዳ፤ ስንጥሩ እንደ ጩቤ መጥቶ ክንዳቸው ላይ ተሰካ። "ታዲያ ዋይ አልኩ?" አሉ ክፍሉን እየቃኙ። ጨርቅ ነጋዴዋ አላሉም አለችላቸው። "ዋይ ማለት ትንፋሽ ማባከን ነው። እንቁላሉስ ዋይ ብል አይደነግጥም?" ሰዎቹ የሚያቅለሸልሻቸውን ረስተው ጆሯቸውን ጣሉ። አንድ ቀጭን ሰውዬ ከጥግ ትራሱን ከፍ አደረገ። ቆጣሪ አንባቢው ወለሉን ያያል።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ነው የረሱት። እንዲህ ያለ መታጠፊያ በአንድ እጅ አይታጠፍም፤ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ፣ ገደሉ ከፊት አፉን ከፍቶ፣ በአንድ እጅ የሚያዞር ሹፌር ወሬው ራሱ ይታዘበዋል። ባለ ተሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን አንሥተው መሪውን እስከ ጥጉ ጠመዘዙት። መኪናው ታጠፈ። ክፍሉም አብሮ ዘመመ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ የወንበሯን ክንድ ጨበጠች። በባለ ተሳቢው ቀኝ ክንድ ውስጥም አንዲት ነገር ሸርተት አለች።

መጀመሪያ ሙቀት ብቻ ነበር። ቀጥሎ በርበሬ እንደ ነካው ቁስል ቆጠቆጣቸው። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ዝቅ ብለው አዩ፤ ከፕላስተሩ ጎን ቆዳው ቀላ፣ ትንሽም ከፍ ብሏል። እንግዲህ ሰውየው የት እንዳሉ ይታይ። ገና አሁን፣ ጩቤ የሚያህል መስታወት ክንዱ ላይ ተሰክቶ ዋይ ያላለ ሰው ሆነው መሪ ጨብጠዋል፤ አሁን በዚያችው ክንድ ተቆጠቆጥኩ ቢሉ እንቁላሉ ሁሉ ገደል መግባቱ ነው። አያንቀሳቅሱት የተባለውንም ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው። ቢጮኹስ ማን ያምናል? ሺህ ቢሉ ይሳቃል፣ መቶ ሺህ ቢሉ ይጨበጨባል። ትንሽ ልጠብቅ፣ ይተወኝ ይሆናል አሉ በሆዳቸው። አልተዋቸውም። ሌላ መታጠፊያ በግራ እጃቸው ብቻ ታጠፉ፣ ድምፃቸው ግን ማርሹ እንደ ዘለለ መኪና አንዴ ሮጦ አንዴ ሰነፈ። "ከዛስ ጋሼ?" አለች ጨርቅ ነጋዴዋ። ቀዩ ከረጢት ከላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ይህ እጅ ከሄደ ምን ይዤ ነው የማወራው የሚለው ሐሳብ መጣባቸው፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ፣ የልጃቸው ልጅ ሲወለድ በምን እጅ ልታቀፈው ነው የሚለው። ይህኛው ዋይ ሊያሰኛቸው ምንም አልቀረውም።

ወደ ቀኝ ዞር አሉ። አማቻቸው ወለሉን ትቶ እሳቸውን ያያል። ለካስ ቆይቷል እያያቸው።

"አንተ" አሉት ዝቅ ብለው።

"አቤት ጋሼ።"

"እጄን ያቃጥለኛል።"

ቆጣሪ አንባቢው እንደ ሙያው ጠየቀ። "ስንት ይሆናል?"

ሺህ የምትለው ቃል በልማድ ምላሳቸው ጫፍ ደርሳ ነበር። ዋጧት። "ሦስት" አሉ። "ከአሥር ሦስት።"

ቆጣሪ አንባቢው በርጩማውን ገልብጦ ተነሣ። ያ "ደርሰናል" ብቻ የሚያውቀው ሰው፣ ክፍሉን በሙሉ ባዞረ ድምፅ፣ "ሲስተር! ሦስት አሉ!" ብሎ ጮኸ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሦስትማ ለሳቸው የትንኝ ንክሻ ናት አለች ጨርቅ ነጋዴዋ ዕንባዋን እየጠረገች። ሲስተሯ ግን አልሳቀችም። ከክፍሉ ጫፍ የያዘችውን ሁሉ ለጓደኛዋ አስታቅፋ፣ ለሺሁ ከሮጠችው በላይ ሮጣ መጣች። የሚንጠባጠበውን ዘጋች። ቆጣሪ አንባቢው መርፌውን ንቀይው ሊላት እጁን ሲዘረጋ አይነኩት አለችው፤ መርፌውን እዚያው ትታ፣ ባዶ ሲሪንጅ ገጥማ የፈሰሰውን የቻለችውን ያህል መልሳ ሳበች፣ ከዚያ በኋላ ነው ያወጣችው። በእስክሪብቶ የቀላውን ዙሪያ አሰመረች፣ መስመሩን ካለፈ እንዲታወቅ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችበት፣ ክንዳቸውን ትራስ ላይ ሰቀለች፣ ሐኪሙን አስጠራች። ክፍሉ ያኔ ነገሩ ገብቶት ዝም አለ። ባለ ተሳቢው በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ዝምታ አምጥተው አያውቁም።

ሐኪሙ አይቶ፣ ነክቶ፣ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ ብሎ፣ በጊዜ ተደርሶበታል አለ። የወጣው ጥቂት ነው፤ በረዶው ቤትም ይቀጥላል፣ ነገ መጥተው ይታያሉ፤ ቆይተው ቢሆን ኖሮ ግን ወሬው ሌላ ነበር። የተረፈው መድኃኒት ከብዙ ፍለጋ በኋላ በግራ እጃቸው በተገኘች አንዲት ደም ሥር ገባ፤ አሁን ግን ሲስተሯ ራሷ እስኪያልቅ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንዴት አመንሽኝ አሏት ቀስ ብለው። "ሺህ ቢሉኝ ኖሮ የያዝኩትን በወጉ አስቀምጬ ነበር የምመጣው" አለች። "እርስዎ ሦስት ሲሉ ደነገጥኩ።" ጨርቅ ነጋዴዋ ደግሞ ስትወጣ ተመልሳ፣ እንቁላሉ ምን ሆነ ብላ ጠየቀቻቸው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደርሶ ይጠብቅሻል ብለው ሸኟት።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ባለ ተሳቢው አላወሩም። ክንዱ ከፍ ብሎ ይቆይ ስለተባለ አማቻቸው በሁለት እጁ ደግፎ ይዞታል፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሰላምታ መስሎት መልሶ ያውለበልብላቸዋል። ክንዱ በመታጠፊያው ሁሉ ፈቅ አላለም። በር ላይ ሲወርዱ ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ ነበረች፤ እንዴት ዋሉ አለች፣ ዓይኗ ግን ገመዱ ላይ ያለው ቢጫ ጓንት ላይ ነው። ባለ ተሳቢው ቆሙ። አማቻቸው የብረት በሩንና የጠብታዋን ወሬ ጠብቆ አንገቱን ደፋ።

"ጓንቱ ለኔ አይደለም" አሏት። "መድኃኒቴ ለእርጉዝ አይሆንም። ለልጄና ሆዷ ውስጥ ላለው ብሎ ነው የሚያጥብልኝ። የተጸየፈኝ ሰው የለም።"

ጎረቤቲቱ ቀጣዩን ጠበቀች። አልነበረም። ገብተው በሩን ዘጉ።

ልጃቸው ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ትራስ ደርድራ ቆይታቸዋለች። የተሰመረበትን ክንድ ስታይ ዕንባዋ መጣ፣ ምን ሆኑ አባዬ አለች። ባለ ተሳቢው አፋቸውን ከፈቱና ወደ አማቻቸው ዞሩ። ቆጣሪ አንባቢው ጓንቱን ከገመድ አውርዶ እያጠለቀ ነበር፤ ከሆስፒታል ለብሰውት የመጡትን ሸሚዝ ሊያጥብ ነው። በሩ ላይ ቆም አለ። መድኃኒቱ ትንሽ ፈሶ እንደነበር፣ አባቷ ወዲያው ስለተናገሩ እንደተረፉ፣ ሐኪሙም ደህና ነው እንዳለ ነገራት። እዚህ ላይ ቢያበቃ የእሱ ወግ ነበር። የሚስቱን ዕንባ አየና ግን ጓንቱን ጠበቅ አድርጎ፣ ፊቱን እንደ ሁልጊዜው ቀጥ አድርጎ ቀጠለ።

"ሙቀቱ እንዴት ነበር መሰለሽ" አለ። "በረዶውን ክንዳቸው ላይ ቢያስቀምጡት ፈላ።"

ልጅቱ ባሏን ገና ዛሬ እንዳገኘችው ዓይነት አፍጥጣ ቀረች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ ዕንባዋም ሳይደርቅ። ባለ ተሳቢው አማቻቸውን ከጓንቱ እስከ ጫማው ቃኙት። ጀማሪ ነው። ጭነቱን አላሰረም፤ በረዶ ከመፍላቱ በፊት መንገድ ላይ የሚያልፍበት ጣቢያ አለ።

"አይ ልጄ" አሉት። እስከ ዛሬ አንተ ነበር የሚሉት። "የሌለ ነገር አይወራም። በረዶው አልፈላም።"

ክንዳቸውን ትራሱ ላይ አመቻቹ።

"ጨሰ እንጂ።"